ወደ ካፋ የሚጓዝ ነጋዴ ጤናውን ስለሚጠብቅበት መንገድ

የክረምቱ ዝናም እየሳሳ ሄዶ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ወራት ከአዲስ አበባና ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚወርደው ነጋዴ ቁጥሩ ይበዛል። በካፋ ጫካ ውስጥ ቡናው የሚቀላው፣ ለቀማው፣ ስጡና ግዢውም የሚጧጧፈው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ላኪው ወኪሉን ወደ ስፍራው ይልካል፤ አቅራቢው መጋዘኑን ያጸዳል፤ ባለሱቁም ገበሬው የቡናውን ዋጋ በእጁ በሚይዝበት ሰሞን የሚፈልገውን ልብስ፣ ሳሙና፣ ጨውና የቤት ክዳን ቆርቆሮ ጭኖ ይደርሳል። ከቡናውም ሌላ የካፋ ማር፣ ሰም፣ ኮረሪማና ጥምዝ ስማቸው የታወቀ የንግድ ዕቃዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ሊያስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በካፋ ቡና የሚለቀምበት ወራትና ወባ የሚበረታበት ወራት አንድ መሆኑ ነው። ዋናው ዝናም ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ ወባ በአገሪቱ ዝቅተኛ ስፍራዎች ይስፋፋል። ስለዚህ ለግዢ የሚወርደው ሰው ትርፍ ከሚገኝበት ወቅት ጋር ንዳድ የሚገኝበትንም ወቅት አብሮ መቀበሉን አውቆ መነሣት ይገባዋል።

ብልህ ነጋዴ የቡናውን ዋጋ፣ የጭነቱን ኪራይና የመጋዘኑን ወጪ አንድ በአንድ ያሰላል። ብዙ ጊዜ ከሒሳቡ ውጭ የሚቀረው የገዛ ጤናው ነው። አንድ ወኪል በግዢው ሳምንት ታሞ ቢተኛ ቡናው በሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ መኪናው ያለ ሥራ ይቆማል፤ በውሉ የተወሰነው ቀንም ያልፋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሰው ሕይወት ሊጠፋ መቻሉ ነው። ከእነዚህ ጉዳቶች አብዛኞቹ ግን አስቀድሞ በሚደረግ ጥንቃቄና ዋጋው ከአንድ ጆንያ ቡና በማይደርስ ዕቃ ሊከለከሉ የሚችሉ ናቸው።

የመንገዱና የአገሩ አቀማመጥ

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጅማ እስከ ቦንጋ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁለት ጊዜ ወደ ሞቃት ሸለቆ ይወርዳል። የመጀመሪያው ከወልቂጤ በኋላ የሚያጋጥመው የግቤ ሸለቆ ነው። ሁለተኛው ሸቤን ካለፉ በኋላ የሚደረስበት የጎጀብ ሸለቆ ሲሆን፣ ጎጀብ የጅማንና የካፋን ምድር የሚለይ ወንዝ ነው። ሁለቱም ወንዞች ውሃቸውን ለኦሞ ያስረክባሉ። ከጎጀብ ድልድይ ወዲያ መንገዱ እንደገና ሽቅብ እየወጣ በጊምቦ በኩል ቦንጋ ያደርሳል።

ቦንጋ የካፋ ዞን ከተማ ስትሆን፣ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫም ሆናለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ዙሪያዋ በጫካ የተከበበ፣ አየሯ ለስላሳ፣ ማለዳዋም ጉም የሚበዛበት ከተማ ናት። በዚህ ምክንያት ከደጋ የመጣው እንግዳ ልምላሜውንና ቅዝቃዜውን አይቶ «ይህ ቆላ አይደለምና ወባ አያሠጋም» በማለት ይዘናጋል። አሳቡ ግን ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ሲሆን፣ ቦንጋም ሆነች በዙሪያዋ ያሉት ብዙዎቹ የቡና ቀበሌዎች ከዚህ ከፍታ በታች ናቸው።

ካፋ በራሱ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። በአዲዮና በጌሻ በኩል ቀርከሃ የሚበቅልባቸው ብርዳማ ደጋዎች አሉ፤ በዴቻ በኩል ደግሞ ምድሩ ወደ ደቡብ ወደ ኦሞ እየወረደ ሞቃት ቆላ ይሆናል። አንድ ቡና ወይም ማር ፈላጊ በአንድ ቀን ውስጥ ከወፍራም ካፖርት ወደ ስስ ሸሚዝ ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ የሚሄድበትን ወረዳ ብቻ ሳይሆን የሚያድርበትን ቀበሌ ከፍታ አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅመዋል።

ወባ ከየት ይመጣል?

ቀድሞ ከጎንደርና ከጎጃም ተነሥተው ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ለመግዛት ወደ ቦንጋ ገበያ ይወርዱ የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች ዘመን የንዳድ መነሻው አልታወቀም ነበር። የደጋ ሰው ከዝናም በኋላ በቆላ ማደርን እንደሚፈራ ሁሉ ምክንያቱን የሚሰጠው ለአየሩ ክፋት ነበር። ይህ አስተሳሰብ የኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበረም፤ «ማላሪያ» የሚለው የበሽታው የአውሮፓ ስም ራሱ በኢጣልያ ቋንቋ «ክፉ አየር» ማለት ነው። በ1889 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ሮናልድ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በሕንድ አገር የወባን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ባገኘ ጊዜ ጥፋቱ የአየሩ ሳይሆን የትንኟ መሆኑ ተገለጸ።

በሽታውን የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው ሴት ትንኝ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው በተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው። ኃይለኛ ዝናም በሚወርድበት ጊዜ ጎርፉ እንቁላሉንና እጩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ዝናሙ ሲሳሳ ግን በከብት ኮቴ፣ በመኪና ጎማ ፈለግ፣ አፈር በተቆፈረበት ጉድጓድና በወንዝ ዳር የሚቀረው ውሃ ፀሐይ እየሞቀው የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ከመስከረም በኋላ ወባ የሚበረታበት ምክንያት ይህ ነው። ትንኟ በአብዛኛው የምትናከሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ንጋት ድረስ ነው።

የወባ ተሐዋስ ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም በኢትዮጵያ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ነው፤ በጊዜው ካልታከመ ወደ አንጎል ደርሶ ወይም ኩላሊትን አዳክሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ሁለተኛው ገዳይነቱ ያነሰ ቢሆንም በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከቆየ በኋላ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል።

የደጋ ሰው በዚህ በሽታ ይበልጥ የሚጎዳው ሰውነቱ ስላልለመደው ነው። በሰኔ 1950 ዓ.ም. ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ በቆየው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የኢትዮጵያ ምድር 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 150,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ተገምቷል። የቦንጋ ከፍታ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሚወድቅ መሆኑን ልብ ይሏል። ዘመኑ አልፏል የሚል ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መግለጫ መሠረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። የደቡብ ምዕራብ ክልልም ከፍተኛውን ድርሻ ከተሸከሙት አራት ክልሎች አንዱ ነበር።

ከትንኝ ስለ መጠበቅ

ከመከላከያው ሁሉ ቀዳሚው አጎበር ነው። አጎበሩ በፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ፣ ያልተቀደደና አልጋውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ጀምበር ሳትጠልቅ ተዘርግቶ ጫፉ ከፍራሹ ሥር መጠቅጠቅ ይኖርበታል፤ መሸት ካለ በኋላ የሚዘረጋ አጎበር ትንኟን ከተኝው ጋር አብሮ ሊዘጋባት ይችላል። በየእንግዳ ማረፊያው አጎበር ይገኛል ብሎ መተማመን ስለማይቻል፣ ስኮርታና ክሪክ ሳይይዝ ከከተማ የማይወጣ ነጋዴ አጎበርም ሳይዝ መውጣት የለበትም።

ሁለተኛው ልብስ ነው። ከምሽት ጀምሮ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ መልበስ፣ ባልተሸፈነው ገላ ላይም ትንኝ የሚያባርር ቅባት መቀባት ተገቢ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ቅባት ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ቢሆን ይመረጣል። በምሽት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ዋጋ መነጋገር በገበያ ሰሞን የተለመደ ነው፤ ትንኟም የምትጠብቀው ይህንኑ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው በበሽታው ላለመያዝ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በዝቅተኛው ቆላ ብዙ ቀን የሚቆይ ሰው ሐኪም ቢያማክር፣ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ይህ መድኃኒት ከጉዞው በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ ለታዘዘው ቀን ሁሉ የሚወሰድ ነው፤ አጎበርን ግን አይተካም።

አራተኛው የሰዓት አያያዝ ነው። የግቤንና የጎጀብን ሸለቆ በቀን ብርሃን ማለፍ፣ ማደሪያንም ከወንዝ ዳርና ከረግረግ ርቆ ከፍ ባለ ስፍራ መምረጥ ይሻላል። መኪና ተበላሽቶ በሸለቆው ማደር ግድ ቢሆን በመኪናው ውስጥ የተዘረጋ አጎበር ከምንም ይበልጣል።

ትኩሳት ሲመጣ

ወባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በትኩሳት፣ በብርድ ብርድ ማለት፣ በራስ ምታትና በመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው። በአንዳንዱ ላይ ማስመለስና ተቅማጥ ስለሚጨመር የምግብ መመረዝ ይመስላል። ትኩሳት የተሰማው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን መመርመር ይገባዋል። ፈጣን ምርመራ በገጠር ጤና ኬላዎች ጭምር ይሰጣል፤ በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ በጅማም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይገኛሉ። አንድ ምርመራ ወባ የለም ቢልና ትኩሳቱ ባይለቅ ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል።

ሳይመረመሩ ከሱቅ ክኒን ገዝቶ መዋጥ ሁለት ጉዳት አለው። በሽታው ወባ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ታይፎይድ ወይም ተስቦ ቢሆን፣ ጊዜ ይባክናል። ወባ ቢሆን ደግሞ የሁለቱ ተሐዋስ መድኃኒት አንድ አይደለም። ለፋልሲፓረም የሚታዘዘውና ኮአርተም በሚል ስም የታወቀው መድኃኒት በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ የሚወሰድ ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ሲሻለው የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። ይህም በሽታውን ሳያጠፉ ማዳከም ብቻ ስለሆነ መልሶ ይነሣል። ቫይቫክስ በሆነ ጊዜ በጉበት የተደበቀውን የሚያጠፋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ፤ ለአንዳንድ ሰው ደም የማይስማማ፣ ለነፍሰ ጡርም የማይሰጥ በመሆኑ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል።

ቢጫ ወባና ሌሎች በነፍሳት የሚተላለፉ በሽታዎች

ቢጫ ወባ በስሙ ወባ ይባል እንጂ ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው። የሚመጣው ከቫይረስ ሲሆን፣ የሚያስተላልፈውም ሌላ ዓይነት፣ በቀን የሚናከስ ትንኝ ነው። የወባ መድኃኒት አይፈውሰውም፤ የወባ አጎበርም በቀን ከሚናከሰው ትንኝ አያድንም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ባሉት ዓመታት በኦሞ ተፋሰስና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰዎችን አሳምሞ 30,000 ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። በአፍሪካ እስካሁን ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ታላላቆቹ ውስጥ የሚቆጠር ነው። በዚያን ጊዜ በሽታውን ካስተላለፉት ትንኞች አንዷ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀመው ጥቂት ውሃ የምትራባ ነበረች፤ ስለዚህም ትንኟ የምትገኘው በሰው ጓሮ አጠገብ ነበር።

ለዚህ በሽታ የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ የሚከለክል ክትባት ግን አለ። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ለዕድሜው ሁሉ ይጠበቃል፤ ክትባቱ ግን የሚሠራው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመነሻው ዋዜማ የሚደረግ ነገር አይደለም። ከዚሁ ጋር የመንጋጋ ቆልፍና የታይፎይድ ክትባትን ነገር ሐኪም መጠየቅ ይጠቅማል።

በፈጣን ወንዞች ዳር የሚራባ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ደግሞ ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ይህ በሽታ ቆዳን የሚያሳክክ፣ ሲቆይም ዓይንን የሚያጠፋ ነው። በካፋ ለነዋሪው ሕዝብ ሜክቲዛን የተባለው መድኃኒት ለብዙ ዓመታት ሲታደል ቆይቷል። ጉዳቱ የሚመጣው ዝንቡ ደጋግሞ ለረጅም ጊዜ ሲነክስ በመሆኑ ለጥቂት ቀን የሚወርደውን ነጋዴ ብዙ አያሠጋውም፤ ለወራት በስፍራው የሚቀመጥ ወኪል ግን በወንዝ ዳር ሲሠራ ገላውን መሸፈን አለበት። በቆላው የጭነት ከብት የሚያሠማራም ሰው ቆላ ዝንብ በቅሎንና ፈረስን በገንዲ በሽታ እንደሚፈጅ አስታውሶ የእንስሳት ሐኪም ያማክር።

ስለ ውሃና ስለ ምግብ

ዝናም በበዛበት አገር ንጹሕ ውሃ ይበዛል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ጎርፍ ቆሻሻውን ሁሉ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ስለሚያወርደው ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርዲያ ከዝናም ጋር ይመጣሉ። ውሃ ሲፍለቀለቅ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ደግሞ 3 ደቂቃ ቢፈላ ለመጠጥ ይሆናል። ማፍላት ባልተቻለበት የውሃ ማከሚያ ኪኒን ወይም መድኃኒት በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን መጨመር ይቻላል። የታሸገ ውሃ የሚገዛ ሰው ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን ይመልከት።

የካፋ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ቤቱ የገባውንም ባዶ አፉን አይሸኝም። እዚህ ላይ አክብሮትንና ጤናን አስታርቆ መሄድ ይቻላል። ቡና ፈልቶ የሚቀርብ ስለሆነ ያለ ሥጋት የሚጠጣ ነው። ትኩስ ቆጮና በደንብ የበሰለ ወጥም እንዲሁ። ብርዝ ግን ማሩ ምንም ንጹሕ ቢሆን ባልፈላ ውሃ የተበጠበጠ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትልን፣ ያልፈላ ወተትም ልዩ ልዩ በሽታ ያመጣሉ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ከመድኃኒት በፊት የሚያስፈልገው የጠፋውን ውሃና ጨው መተካት ነው፤ ለዚህም የሚበጠበጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ጥቂት እሽግ መያዝ ይገባል። ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ውሃ ያለማቋረጥ የሚፈስ ተቅማጥ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው።

በጫካና በማደሪያ ስፍራ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ጫካ ከነዙሪያው በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ስፋቱም ከ700,000 ሄክታር በላይ ነው። እንግዳ ሰው በዚህ ጫካ የሚፈራው አውሬውን ነው። ይሁን እንጂ ሰውን ይበልጥ የሚጎዱት ያልተጠነቀቁላቸው ትንንሽ ነገሮች ናቸው። የቡናውን ሁኔታ ለማየት ወደ ጫካ የሚገባ ሰው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያድርግ፤ መንገዱን ከሚያውቅ የአገሩ ሰው ጋር ይሂድ፤ እጁን ባላየው ጉድጓድና የደረቀ ግንድ ሥር አያግባ፤ በምሽትም ያለ ባትሪ አይራመድ። እባብ የነደፈው ሰው የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅስ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና በገመድ አጥብቆ ማሠር ጉዳቱን ያብሳሉ እንጂ አይጠቅሙም።

ማር ለመግዛት የሚሄድ ነጋዴ በዛፍ ላይ ወደ ተሰቀሉት ቀፎዎች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቅረብ፤ ሽቶም ተቀብቶ አይሂድ። ንብ ነድፋው ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መድረስ አለበት። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ካጠበ በኋላ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይል፣ ያን ዕለቱን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጠይቅ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው መዳኛ የለውም።

በዝናማማ ሌሊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት ሽታ በሌለው መርዘኛ ጋዝ እንደሚገድል የታወቀ ነው። እህል በነቀዝ መድኃኒት በታጠነበት መጋዘን ውስጥ ማደርም እንደዚሁ ሞት ነው። ዕቃ ለመጠበቅ ሲባል ዘበኛንም ሆነ ረዳትን በእንዲህ ያለ ቤት ማሳደር አይገባም።

ስለ መንገድ

ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚያልፈው ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ከእርሱ የሚገነጠሉት ብዙዎቹ የገጠር መንገዶች ግን የአፈር ወይም የጠጠር ናቸው። በካፋ ዝናሙ በመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ ግዢው ሲጀመር መንገዱ ገና አልደረቀም። ከዋናው መንገድ ከመውጣት በፊት የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ጸጥታ በዚያው ቀን ከዚያ ከተመለሰ ሾፌር መጠየቅ ብልህነት ነው። ድልድይ የሞላውን ጎርፍ ጥቂት ሰዓት ቢታገሡት ይጎድላል፤ በድፍረት የሚገባበት ግን መኪናን ከነሰዉ ሊወስድ ይችላል።

በዚህ መንገድ ማለዳ ጉም፣ ቀን ከብት፣ ማታም ያለ መብራት የቆመ የጭነት መኪና ያጋጥማል። ቡና በዋጋ ቀን ለማድረስ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ መንዳት ብዙ ንብረትና ብዙ ሰው አጥፍቷል። በጆንያ ላይ ሰው ጭኖ መሄድም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ገንዘብም በተቻለ መጠን በባንክ ሐዋላ ወይም በቴሌብር ቢተላለፍ፣ ብዙ ጥሬ ብር ይዞ በመሸበት መጓዝ ይቀራል።

ከተመለሱ በኋላ

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጎጀብን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ጅማን አልፎ አዲስ አበባ የገባ ሰው ከአደጋው የወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ፋልሲፓረም ትንኟ ከነከሰችበት ቀን ጀምሮ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በቦንጋ ጤነኛ ሆኖ ሒሳቡን የዘጋው ሰው የሚታመመው ቡናውን አስረክቦ በቤቱ በተቀመጠበት ሳምንት ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ከወራት በኋላ፣ ጉዞው በተረሳበት ጊዜ ሊነሣ ይችላል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ በዚያ ወባ የተለመደ በሽታ አይደለም። ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሰው ያየ ሐኪም ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ምርመራ የሚመራው «ከሁለት ሳምንት በፊት ካፋ ነበርኩ» የሚለው የሕመምተኛው ቃል ነው። ይህን ቃል ሳይናገሩ ውለው ማደራቸው በፋልሲፓረም ለተያዙ ሰዎች የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከካፋ የተመለሰ ሰው ቢያንስ እስከ 3 ወር ድረስ ትኩሳት በተሰማው ጊዜ ሁሉ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ የት እንደ ነበረና መቼ እንደ ተመለሰ ሳይጠየቅ ይናገር። ቤተሰቡም ይህን ይወቅ፤ ንዳድ የጠናበት ሰው ራሱ መናገር ሊሳነው ይችላልና።

የባለ ድርጅቱ ኃላፊነት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለባለ ድርጅቱ ብቻ አይደለም። በጎጀብ ዳር ተበላሽቶ በቆመ መኪና ውስጥ የሚያድረው ሾፌሩ ነው፤ በመጋዘን ደጅ የሚተኛው ዘበኛው ነው፤ ከደጋ ለለቀማ የሚወርደውም የቀን ሠራተኛ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ አጎበር የመግዛትም ሆነ ሥራ አቋርጦ የመመርመር ዐቅም የላቸውም። ትኩሳታቸውንም የሚደብቁት የቀን ሒሳባቸው እንዳይቀነስ በመፍራት ነው። ይህም ሕመምተኛውን ለሞት ያጋልጣል፤ በአጠገቡ ለሚተኛውም በትንኟ አማካይነት በሽታውን ያስተላልፋል።

ስለዚህ ወደ ካፋ ሰው የሚልክ ድርጅት የጉዞውን ወጪ ሲመድብ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አጎበርና የትንኝ ቅባት፣ ለእያንዳንዱ መኪና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥንና የውሃ ማከሚያ መድኃኒት፣ ለታመመውም የመመርመሪያ ገንዘብና የዕረፍት ቀን አብሮ ቢመድብ ሒሳቡ የተሟላ ይሆናል። ከሐኪም ጋር የሚደረገው ምክክርና የቢጫ ወባ ክትባት ከመነሻው ቀን ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ከተጠናቀቀ፣ የመስከረም ጉዞ ሲደርስ የክትባቱ ጊዜ ሞልቶ ይገኛል። ሠራተኛው ሲመለስም የወጣበትንና የገባበትን ቀን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ በኪሱ ቢሰጠው፣ ትኩሳት በመጣ ጊዜ ለሐኪሙ የሚያሳየው ይኖረዋል።